ጀልባዋ እንዳትደርቅ

ደሴ ላይ ጀልባ ምን ትሠራለች? ይህን ያልጠየቀኝ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። መጀመሪያ ላይ በደንብ እመልስ ነበር፤ ሐይቅ እኮ ሩቅ አይደለም፣ ዓሣ አጥማጆቹ አሮጌ ጀልባቸውን እያመጡ ያሳድሳሉ፣ የባለቤቴ ሙያ ነው እያልኩ። በኋላ ሰለቸኝና "እንቁላል ትጥልልኛለች" ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ዝምታው ደግሞ ከጥያቄው የባሰ ሆነብኝ።

ባለቤቴ ያደገው አሰብ ነው። በእናቱ በኩል የየመን ዝርያ አለበት። ጀልባ መሥራት የተማረው ከአጎቱ ነው። በኋላ በጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ደሴ መጣ። ፒያሳ አባቴ ሱቅ በር ላይ ጆንያ ሲያወርድ አየሁት፣ እሱም አየኝ፤ የቀረውን ሰፈሩ ከኔ በላይ ያውቀዋል። ስንጋባ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ያለች ጠባብ ግቢ ተከራየን። እሱ በርና አልጋ እየሠራ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከሐይቅ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ሆዷ የበሰበሰ ጀልባ በመኪና ጭኖ ደጃችን ላይ አወረደ። "ጀልባ የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ ተብዬ ነው" አለ። ባለቤቴ ጀልባዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋትና የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ይመስል ፊቱ በራ። ከዚያ በኋላ አልጋ የሚያሠራ ሰው መጠበቅ ነበረበት።

የኔ ሥራ ጥጥ ነበር። በጀልባ ሳንቃና ሳንቃ መሀል ክፍተት አለ፤ እዚያ ውስጥ በዘይት የተነከረ የጥጥ ክር በመሮ እየተመታ ይገባል፣ ላዩ በኖራና በበግ ሞራ ይደፈናል። ሳንቃው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጥጡም አብሮ ያብጣል፣ ያኔ ውሃ አያሳልፍም። እንግዲህ እኔ በእንዝርት ስሜ የተነሳ ሴት ነኝ። ለመጀመሪያዋ ጀልባ ያለ የሌለ ሙያዬን አውጥቼ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ጥብቅ ብሎ የከረረ ክር ፈትዬ ሰጠሁት። "ማሻአላህ!" አለና ሳይጠራጠር መታው። ሥራው አልቆ ለሙከራ ውሃ ሲሞላባት ጀልባዋ ከየአቅጣጫው ታፈስስ ጀመር። ክሬ በጣም ከመጥበቁ የተነሳ አላብጥ ብሎ ነበር።

እሱ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። "አንቺ፣ ይሄ እኮ ለሙሽራ ነጠላ የሚሆን ነው። ጀልባ የምትፈልገው ሰነፍ ሴት የፈተለችውን ነው። ላላ ያለ፣ ጎርበጥበጥ ያለ፣ ውሃ የሚጠጣ።"

አኮረፍኩ። ባልሽ ሥራሽን አበላሽተሽ ሥሪልኝ ሲልሽ ምን ይባላል? እጄም አልታዘዝ አለኝ፤ አላላለሁ ስል ሳላውቀው ያከርረዋል። በመጨረሻ እንዝርቱን ነጥቆኝ ራሱ ይፈትል ጀመር። ወንድ ልጅ እንዝርት ይዞ በር ላይ ተቀምጦ ሲያዩ የሰፈሩ ሴቶች ጉድ አሉ። እሱ ግን "ኑ፣ ስንፍና ላስተምራችሁ" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

የመጨረሻዋ ጀልባ እድሳት አልነበረችም፤ ከመሬት ጀምሮ የሠራት አዲስ ናት። ያዘዛት ያው የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሳንቃዋ ዋንዛ፣ ጎድን አጥንቷ ከተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ወይራ። ክረምቱን ሙሉ ሠርቶ አድርሷት ከንፈሯ ብቻ ቀረ፤ ከንፈር የሚለው ከላይ ዙሪያዋን የሚታሰረውን ጠርዝ ነው። በጋው ገባና የደሴ ነፋስ ሳንቃውን ያደርቀው ጀመር። ስለዚህ ውስጧን እስከ ጉልበት ውሃ ሞላው፣ ጎንና ጎኗን በረጠበ ጆንያ ሸፈነው።

"ጀልባ አንዴ ውሃ ከቀመሰች መድረቅ የለባትም" አለኝ። "ከደረቀች ትከፈታለች። ከተከፈተች የክረምቱ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።"

አንድ ጠዋት ለከንፈሯ የሚሆን የማይዝግ ሚስማር ሊገዛ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ "እንዳትደርቅ እሺ፤ ማታ እመጣለሁ" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ይኸው ነው። ሰው የሚሰነባበተው ሌላ ዓይነት ነገር ተባብሎ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ኮምቦልቻ ገበያ ላይ አፈሳ ነበር። የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ከወጣ ገና መክረሙ ነው፤ ጎረምሳ የመሰለ ሁሉ መኪና ላይ ይጫናል። ባለቤቴን ሲይዙት በወረቀት የተጠቀለለ ሚስማር በእጁ ነበር። ወደ መኪናው ሲገፉት ለአንድ ባለጋሪ ወርውሮ የአባቴን ሱቅ ጮኾ ነገረው። ባለጋሪው ለሾፌር ሰጠ፣ ሾፌሩ አባቴ ሱቅ አደረሰው። ሚስማሩ ማታ መጣ፤ እሱ ቀረ።

ቀበሌ ሄድኩ፣ ምልምሎቹ ወዳደሩበት ሄድኩ። "ወደ ሰሜን ተልኳል" ብቻ አሉኝ። ሰሜን ማለት ደግሞ ብዙ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም፤ ደህና ነው የሚልም፣ የለም የሚልም።

እኔም ውሃ ቀዳሁ። ከግቢያችን ቁልቁል ቦኖ ነበር፤ ጀሪካኔን አሰልፌ ተራዬን እጠብቃለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ጀልባዋ ውስጥ እገለብጣለሁ፣ እመለሳለሁ። የቆየው ውሃ አረንጓዴ ሲሆን ቀድቼ እደፋዋለሁ፣ ውስጧን በብሩሽ ፈትጌ በአዲስ እሞላታለሁ። ጆንያዎቹን አረጥባለሁ። ሰው ላም ያስራል፣ ዶሮ ያረባል፤ እኔ እንጨት አጠጣ ነበር።

አባቴ ከፒያሳ መጣ። የአባቴ ቁጣ ሲጀምር ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

"ልጄ፣ ይሄን እንጨት አስፈልጪና ወደ ቤትሽ ነይ።"

"አባየ፣ ማታ እመጣለሁ ብሎኛል።"

"የትኛው ማታ?" አለኝ።

ስላስከፋኝ ደነገጠ መሰለኝ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተነስቶ ጀልባዋን አንዴ ዞራት። ሲወጣ፣ ቃዲውን እንደጠየቀ፣ የጠፋ ሰው ሚስት አራት ዓመት ከጠበቀች በኋላ መፈታት እንደምትችል ነገረኝ። አዝኖልኝ ነው። ለኔ ግን ሰውየውን በቁሙ የገነዙት መሰለኝና በሩን ኃይለኛ አድርጌ ዘጋሁት።

ብቻዬን ነበርኩ። ይህን ማሳመር አልፈልግም። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት የማያውቅ እጅ ነበረኝ፤ ለሁለት ሠርቼ በማግስቱም ያንኑ እበላለሁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ተነስቼ እቆማለሁ፤ የሚመጣው ክብሪት የሚበደር ነው። ከጀልባዋ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር፤ እሰድባት ነበር ብል ይሻላል። "ጠጪ አንቺ ሆዳም" እላታለሁ።

ከዚያ ያ ክፉ ድርቅ መጣ። ከሰሜን በኩል የተሰደደው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ቦኖው አንዳንዴ ጠዋት ጥቂት ይፈሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ እንዲህ ሲባል ሰማሁ፦ "ሰው የሚጠጣው አጥቶ እሷ ለእንጨት ትቀዳለች።" ዞሬ ልሳደብ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ምን ብዬ? እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የቀዳሁትን ለመጠጥ አስቀመጥኩና ለጀልባዋ ምንም አልሰጠኋትም። ሳምንት ሳይሞላ ውሃዋ እስከ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ከላይ ያሉት ሳንቃዎች ነጣ ነጣ ማለት ጀመሩ፤ ጣቴን በመሀላቸው ሳሳልፍ ክፍተት ተሰማኝ። ለአንድ ቀን የተሰጠኝን አደራ መጠበቅ አቅቶኝ እሱ ሲመጣ ምን እንደምለው እያሰብኩ አጠገቧ ቆሜ ቀረሁ።

ከኛ ጀርባ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሴት። በማግስቱ ሣፋ ተሸክመው እየተንገዳገዱ ግቢዬ ገቡ። ውስጡ የቆሸሸ የሳሙና ውሃ ነው።

"እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"የልጆቹን ልብስ ያጠብኩበት እጣቢ ነዋ። ብደፋው መሬት ነው የሚጠጣው። ያንቺዋ ትጠጣው።"

"እርስዎ ደግሞ! ቆሻሻ ላጠጣት?"

"ታዲያ ሽሮፕ ልታጠጫት ኖሯል? አብሽሪ፣ ወላሂ እንጨት አይጠየፍም።" ብለው ገለበጡት።

ከዚያ ሌላዋም ሰማች፣ ሌላዋም። ልብስ ያጠበች ሁሉ እጣቢዋን ይዛ ትመጣለች። መጥተው ደግሞ ዝም ብለው አይሄዱም፤ ዳር ዳሯ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ስለ ዱቄት ያወራሉ፣ ስለ ዘመተ ልጅ ያወራሉ፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ታስቃለች። ያ ሁሉ መከራ ባለበት ዘመን ግቢዬ ሰው የጠገበው ያኔ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ስላለኝም አፍር ነበር።

የአንዷ ቀሚስ ባልተሠራው ጠርዝ ላይ ተይዞ ተቀደደ። ሌላ ቀሚስ እንደሌላት አውቃለሁ። ሚስማሩን ለሱ ነበር ያስቀመጥኩት፤ እንደመጣ በወረቀቱ፣ ሣንዱቅ ውስጥ። አወጣሁት። ለከንፈሯ ያዘጋጀውን እንጨት ከጣራ ሥር አውርጄ፣ ሲሠራ ያየሁትን እያስታወስኩ ዙሪያዋን ቸነከርኩላት። አንዱ ጎን ጠመም አለ። እያንዳንዱን ሚስማር ስመታ ለሱ የቀረለት ሥራ አንድ አንድ እየጎደለ መሆኑን አውቀዋለሁ። ሥራው ካለቀ የሚመጣበት ጉዳይ አይኖረውም ብዬ ፈራሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን ፈራሁ።

ሳሙናው ያደረገውን ደግሞ ቆይቼ ነው ያየሁት። አንድ ጠዋት ስነሳ ግቢው ጭቃ ሆኗል፣ የጀልባዋ ውሃ ተጋምሷል። ለካስ ሳሙናው ሞራውን እያሟሟ፣ ዘይቱን ከጥጡ እያጠበ ኖሯል። ውሃውን አወጣሁና የላላውን ጥጥ በቢላ ጫፍ ከየስንጥቁ ለቀምኩት። እሱ የፈተለው ነው፤ በእጄ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። አሁን አዲስ መፈተል አለበት፣ የሚፈትለው ደግሞ የለም።

እንዝርቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ላላ ላላ በይ እያልኩ እጄን እለምናለሁ፤ የሚወጣው ግን ያው ነጠላ ነው። በጥሼ ጣልኩት። ደግሜ ፈተልኩ፣ ደግሜ ጣልኩ። ባልቴቷ ሣፋቸውን ይዘው መጥተው አዩኝ።

"ወዲህ በይው" አሉና ተቀበሉኝ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፣ እዚህ ጋ ይቋጠራል፣ እዚያ ጋ ይላላል። ልክ እሱ የሚፈልገው።

"እማማ፣ እንዴት ያለ መጥፎ ክር ነው!" ብዬ አቀፍኳቸው።

"አላህ ይይልሽ! በወጣትነቴ ብታይኝ ካንቺ እበልጥ ነበር" አሉኝ ተቆጥተው።

የጀልባዋ የኋለኛው ግማሽ በሳቸው ክር ሞላ። ፊተኛውን፣ እልኸኛ ስለሆንኩ፣ እንደምንም አላልቼ በፈተልኩት ሞላሁት። በመሮው መታሁት፣ በኖራና በሞራ ደፈንኩት፤ መዳፌ ተልጦ ነበር። በማግስቱ ውሃ ተሞላባት። ሥሯ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከፊት በኩል ትንሽ ረጠበች፣ ከዚያ ደረቀች፣ ያዘች። "ያዘች!" ብዬ ጮኼ ላሳየው ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ያን ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላም ሰውነቴ መሄዱን አልሰማም ነበር።

ዝናብ ተመለሰ፣ ቦኖውም እንደ ልቡ ፈሰሰ። እጣቢ ይዞ ዳገት መውጣት ቀረ፣ ሴቶቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። ጥላቻ የለም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ይስሙኛል፤ የሚያስገባቸው ጉዳይ ግን የለም። ባልቴቷን ልጃቸው መጥታ ወደ ኩታበር ወሰደቻቸው። ሲሄዱ ሣፋቸውን ተዉልኝ። የዘመተባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ሰው መጣላቸው፣ አንዳንዶቹ መርዶ መጣባቸው። መርዶ ቢመጣ አልቅሼ ሐዘን እቀመጣለሁ፣ እሱ ቢመጣ እስቃለሁ፤ ሁለቱም ስላልመጡ ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ። የቃዲው አራት ዓመትም አለፈ። አባቴ በዚያ ቀን መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ስለ ሌላ ነገር አውርቶ ሄደ። ስለዚያ ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ዓሣ አጥማጁ የመጣው። ሸብቷል። ጀልባዋን ሲያይ አፉን ያዘ።

"አለች እንዴ? እኔ እኮ ድሮ ማገዶ ሆናለች ብዬ ነው።"

"ውሃ አላቋረጥኩባትም።"

ውስጧ ገብቶ ወለሏን በአውራ ጣቱ ይጫን ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ሰመጠ። ጠራኝና እኔም ተጫንኩት፤ እንደ ረጠበ ዳቦ ገባልኝ። የቆመ ውሃ ሲተኛባት ከሥር በስብሳለች።

"ልጄ" አለኝ፣ "ጀልባ ውሃ ላይ ነው የምትኖረው። ውሃ እሷ ላይ ሲኖር ይገላታል። ሐይቅ ላይ ካዋልናት አትደርቅም፣ ማንም ሳይቀዳላት። ሲመጣ እዚያው ያገኛታል። ያንተ ናት እለዋለሁ፣ ወላሂ።"

ይህን አስቤው አላውቅም ብል ውሸት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አስቤዋለሁ። ሐይቅ ላይ ከዋለች ግን እኔ ምን ላደርግ ነው? ይህንን ለዓሣ አጥማጁ አልነገርኩትም። ጣቴ የሰመጠበትን ቦታ እያየሁ "ውሰዳት" አልኩት።

የበሰበሰውን ሳንቃ አብረን ቆርጠን አወጣን። ባለቤቴ ለአልጋ ብሎ ካስቀመጠው ዋንዛ ቆርጠን ተካንበት። በበሩ ስለማትወጣ የአጥሩን ድንጋይ አፈረስን፣ የጭነት መኪና መጣ፣ ጎረምሶች ተረባርበው ጫኗት። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። የጠየቀኝ ግን የለም።

ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ሰብሰብ ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ከመሀላቸው አንድ ሽማግሌ "ለሠራትም ሰው..." ብሎ ጀመረና ቆመ። ለሕያው ይለምን ለሟች ግራ ገባው። ወደኔ አየ፤ እኔም አላውቅም። ከዚያ "ባለበት አላህ ያሳምርለት" አለ። አሚን አልኩ።

ገፏት። ተንሳፈፈች። ጎንበስ ብዬ ውስጧን አየሁ፤ በባልቴቷ ክር በኩል ጠብታ የለም፣ በኔ በኩል ትንሽ አንጠበጠበች። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ የሚገባው ሰው እዚያ አልነበረም። ውጪባት ቢሉኝ እምቢ አልኩ። እሱ ሳይወጣባት አልወጣም አልኩና የማታው አውቶቡስ ሳያመልጠኝ ወደ ደሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ቦኖው ጋ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ፣ ሞላሁ፣ አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ፣ ግቢ ገባሁ። ክዳኑን ከፍቼ ልገለብጥ ጎንበስ ስል ከሥሬ ያለው እሷን የተሸከሙት ድንጋዮችና የነጣ ሣር ብቻ ነው።

ሲሄድ ሁለት ነገር ነበር ያለኝ፤ እንዳትደርቅ፣ ማታ እመጣለሁ። የኔን ጨርሻለሁ። የቀረው የሱ ነበር።

ከጀሪካኑ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና፣ ከሄደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። አጥሩ ስለፈረሰ መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። ለጀልባዋ ያ ሁሉ ጠያቂ ነበራት፤ እኔን ግን ምን ሆነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።